የጠገበ ዳኛ ይፈለጋል

ካፍ፣ ሜይ 24 ቀን 1983

ለልጄ ለኤምና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለእናትሽም ይሁን። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ ገና ሳየው ነው ያወቅኩሽ። በአዳሪ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት መስኮት «ለላ ሸድሊያ፣ ምስር ይጨመርልኝ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ታሾልኪልኝ ነበር። ፊደልሽ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ወደ ግራ ያዘመመ ነው። ለመጽሔት የምትጽፊ ትልቅ ሰው ሆነሽ ለእኔ ለጡረተኛዋ ወጥ ቤት «የምግብ መጽሐፍ ላዘጋጅ ነው፣ ይርዱኝ» ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። እሺ ብያለሁ።

«ቤትዎ ውስጥ ከዚህ በፊት አብስሎ የማያውቅ ሰው አለ ወይ?» ላልሽኝ፣ አለ እንጂ! አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ቲጃኒ ሻይ እንኳ አፍልቶ አያውቅም። ወጥ ቤት የሚገባው ክብሪት ፍለጋ ነው፤ እሱንም አያገኘውም።

«እርስዎ አይንኩ፣ አይናገሩ፤ እሱ የምግብ አሠራር ወረቀቱ ያለውን ብቻ ያድርግ» ብለሻል። አለመንካቱን ቻልኩት። አለመናገሩ ግን ከበደኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ስለዚህ ተምር ጎርሼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሻክሹካሽን ጀመረ። ሽንኩርቱን እንዳልሽው ከተፈ፣ ቃሪያና ቲማቲሙን ጨመረ። «ክዳኑን ከድነው በመጠነኛ እሳት ያብስሉ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከደነና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ማረሩ ለእኔ ሸተተኝ፣ ለጎረቤቴ ለማኑቢያም በግድግዳው ማዶ ሸተታት።

«ሸድሊያ! ቤትሽ ነደደ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ቲጃኒ አልተነቃነቀም። ተምሩን ዋጥ አድርጌ «አንተ ሰውዬ፣ ክፈተው እንጂ!» አልኩት።

«ክፈት የሚል የለም» አለኝ። «ክደን ይላል። ክፈት አይልም።»

ልጄ፣ ይህ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ጣቢያ ምልክት ሲያነሳና ሲያወርድ የኖረ ነው። ምልክት ካልተነሳ ባቡር አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አራተኛው መስመር ላይ «ክፈቱ» ብለሽ ጨምሪ።

የቀማሾቹ ነጥብ ይኸው፤ ከአሥር ማኑቢያ ሦስት፣ ፀጉር አስተካካዩ ላሩሲ አምስት፣ ቲጃኒ ራሱ ስድስት ሰጥተዋል። የእኔን ከታች ጽፌዋለሁ። በይ ሰላም ሁኚ።

ሸድሊያ


ቱኒስ፣ ጁን 2 ቀን 1983

ለተከበሩ ለላ ሸድሊያ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ባለቤትዎን ሲ ቲጃኒን እጅ እነሳለሁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ሳነበው ብቻዬን እየሳቅኩ አለቃዬ በሩን ከፍቶ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ክፈቱ የሚል ረስቼ ነው» አልኩት። አልገባውም።

«ክፈቱ»ን ጨምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አስተያየት ጽፈው የላኩልኝን አራት ወረቀቶችም እንዳሉት አስተካክያለሁ። ሲ ቲጃኒ «እስኪበስል» የሚለውን ቃል አልቀበልም ማለታቸው ትክክል ነው። የበሰለ ነገር ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው መብሰሉን በምን ያውቃል? አሁን «ድንቹ ውስጥ ሹካ ሲገባ ካልታገለ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

«ለሃያ ስምንት ተራ ምግብ ይህን ያህል ምን ያደክምሻል?» ብለው ጠይቀውኛል። እውነቱን ልንገርዎት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከመጽሐፍ አንብቤ ሩዝ ጣድኩ። ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ሆነ። የክፍሌ ልጆች ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ምድጃ አልነካሁም፤ ዳቦ በሀሪሳ በርበሬ እየበላሁ ተመረቅኩ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ለካ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ለሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። የመጀመሪያ ድስቱ የከሸፈበት ሰው ሁለተኛ አይጥድም፣ ለላ ሸድሊያ።

ስለዚህ የመጽሐፋችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ «እዚህ ያለው ምግብ ሁሉ አብስሎ በማያውቅ ሰው ተሠርቶ፣ ተቀምሶ፣ ጥሩ ነው ተብሏል» ብዬ ላትም ለአለቃዬ ቃል ገብቻለሁ። እሱ የሆቴል ሼፍ ምግቦችን ገልብጠን እንድናወጣ ነበር የፈለገው። ቃሌ ውሸት ሆኖ ከተገኘ የማእድ ቤቱ ዓምድም ለሼፉ ይሰጣል፣ እኔም እሰናበታለሁ። ማተሚያ ቤት የምንገባው ኦገስት 1 ነው።

ረመዳን አሥር ቀን ቀርቶታል። እናቁም ወይስ እንቀጥል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቀኑ ግን አይጠብቀንም።

ኤምና


ካፍ፣ ጁን 20 ቀን 1983፣ ረመዳን ዘጠኝ

ለልጄ ለኤምና፣

ረመዳን ከሪም። ጾሙን አላህ ይቀበልሽ። በዚህ ሙቀት ሦስተኛ ፎቅ መውጣት እንዴት ያደርግሽ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

አላቆምንም፣ ለምን እናቆማለን? ይልቁንስ እንኳን ደስ አለሽ! ሰውዬው ተለወጠ። የገብሱ ሾርባ፣ ዘጠኝ። ማካሮኒው፣ አሥር። የሽምብራው ላብላቢ፣ አሥር! ያቺ ምላሷ ቢላ የሆነ ማኑቢያ፣ የሰርግ ድግስ ላይ ለሙሽራዋ ሳይቀር እንከን የምታወጣ ሴት፣ የሽምብራውን ሳህን በዳቦ ጠርጋ «ቲጃኒ፣ እጅህ ይባረክ» አለችው። ላሩሲ ደግሞ የማፍጠሪያው መድፍ ሊተኮስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው መጥቶ የሚቀመጠው። ሚስቱ ተቆጥታለች አሉ።

ቲጃኒን ብታዪው! ጡረታ ከወጣ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የዘጠኝ ሰዓት ከአርባውን ጭነት ባቡር ይጠብቅ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ የእጅ ሰዓቱን ያይና «አራት ደቂቃ ዘገየ» ይላል፤ የቀኑ ንግግሩ ያ ነበር። ከእኔ ጋር አልተጣላም፣ የሚለው ነገር ግን አልነበረውም። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሲሆን ገበያ ላይ ከቲማቲም ነጋዴ ጋር ይከራከራል። ትናንት «ከሙን ከዚያኛው ሱቅ አትግዢ፣ አቧራ ነው» ብሎ መከረኝ። እኔን! ሃያ ስድስት ዓመት አራት መቶ ልጅ ያበላሁትን! ደስ አለኝ።

እኔ ራሴ ምግቡ እንዴት እንደሆነልኝ ለጠየቅሽኝ፣ ጥሩ ነው። ሌላ ምን ልበልሽ?

ጾም ስለያዝኩ ተምሩ ቀርቷል፤ የሻሼን ጫፍ ነክሼ ነው የምቀመጠው። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ሸድሊያ


ቱኒስ፣ ጁን 28 ቀን 1983

ለተከበሩ ለላ ሸድሊያ፣

ጾሙን አላህ ይቀበልዎት። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።

የእንግዶቹን ነጥብ በአንድ ወረቀት ላይ ደረደርኩት። ከረመዳን በፊት ሦስት፣ አምስት፣ አራት፣ ስድስት ይላል። ከጁን 12 ወዲህ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አሥር። መጀመሪያ «ሲ ቲጃኒ ጎበዝ ሆኑ» ብዬ ተደሰትኩ። ግን ማካሮኒውን እንደገና አየሁት። አጻጻፌ መጥፎ ነው፤ ራሴ ሳነበው ግራ ይገባኛል። እንዴት አሥር ያገኛል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ ነበር አያቴ።

ከሴት ለሴት ልንገርዎት፤ ሰሞኑን የማልጾምባቸው ቀኖች ላይ ነበርኩ። በሬን ዘግቼ የገብሱን ሾርባ ልክ ሲ ቲጃኒ እንደሠሩት፣ አንዲት ነገር ሳልጨምር ሠራሁት። እኩለ ቀን ላይ ከቁርስ በኋላ ቀመስኩት። ለላ ሸድሊያ፣ ገብስ የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። የምትቀምሱት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ማኑቢያና ላሩሲ ከመቅመሳቸው በፊት ምን ይቀምሳሉ? ሲ ቲጃኒ ጨው የሚጨምሩት ስንት ማንኪያ ነው? ወረቀቱ ላይ «እየቀመሱ ጨው ይጨምሩ» ብቻ ስለሚል ነው።

ማስቸገሬን ይቅር ይበሉኝ።

ኤምና


ካፍ፣ ጁላይ 4 ቀን 1983

ለኤምና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ምን ልደብቅሽ። «ይህቺ ከምስር ወጤ ጭልፋ የምትለምን ልጅ ዛሬ ውሃ አበላችሁ ልትለኝ!» አልኩ። ቲጃኒ «ምን ጻፈች?» ሲለኝ «ሰላም ብላሃለች» ብዬ ደብዳቤውን መሶብ ሥር አስገባሁት።

ለጥያቄሽ ግን መልስ አለው። የምንቀምሰው መድፉ እንደተተኮሰ ነው። ሌላ መቼ እንቅመስ? ከዚያ በፊት አንድ ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፣ እንደ ሰው ሁሉ።

ጨዉን ደግሞ ትናንት እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። ሽንኩርት እየላጠ ነበር።

«ቲጃኒ፣ ሾርባው ላይ ስንት ማንኪያ ጨው ትጨምራለህ?»

«ጨው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጨው።»

«እየቀመሱ ይጨምሩ ነው የሚለው። ጾመኛ ነኝ፣ እንዴት እቀምሳለሁ? ካልቀመስኩ አልጨምርም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልጨመርከው?»

«ከረመዳን አንድ።»

ሃያ ሁለት ቀን፣ ልጄ! ሃያ ሁለት ቀን ጨው የሌለው ሾርባ፣ ጨው የሌለው ሽምብራ፣ ጨው የሌለው ማካሮኒ በላን። አላህን አመሰገንን፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረግን። ማኑቢያን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። «ውሸት! ጨው ነበረው! ምላሴን ታስተምሪኛለሽ?» ብላ በሩን በላዬ ላይ ወረወረችው። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጨዉን አንቺ ወረቀቱ ላይ ጨምሪው፣ ነጥቡን ግን እንዳለ ተይው። ያልኩሽን አስቢ፤ ያ ሰው መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር። አሁን ጠዋት ሲነሳ «ዛሬ ምን ልካለች?» ይለኛል። ምግቡ አሥር ነው ብለን አሞግሰነው፣ አሁን ተነስተን «ተርበን ነው እንጂ አይበላም ነበር» ብንለው እንደገና ወጥ ቤት የሚገባ ይመስልሻል? ራስሽ ጽፈሽልኝ የለ፣ የመጀመሪያ ድስቱ የከሸፈበት ሰው ሁለተኛ አይጥድም ብለሽ። ለእሱ ብዬ ነው የምለምንሽ።

ሸድሊያ


ቱኒስ፣ ጁላይ 9 ቀን 1983

ለተከበሩ ለላ ሸድሊያ፣

ዒድ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ እንኳን አደረሰዎት። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በጨዉ ስቄያለሁ፣ በልመናዎ አልቅሻለሁ።

ላደርገው አልችልም፤ ይቅርታዎን። ኦክቶበር ላይ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይህን መጽሐፍ ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ የምትከት ልጅ አለች። ጾመኛ አይደለችም፤ ምሳ በልታለች፤ እናቷ የሠራችው ጣዕም ገና ምላሷ ላይ ነው። የእኛን ሾርባ ሠርታ ስትቀምሰው የገብስ እጣቢ ይሆንባታል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች። እኔ የሆንኩትን ትሆናለች። ሲ ቲጃኒን ላለማሳዘን እሷን ላታልላት?

ጨዉ ላይ ግን ያስተማሩኝ ሲ ቲጃኒ ናቸው። «እየቀመሱ ይጨምሩ» የሚለው ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። ቢቀምስስ ምን እንደሚፈልግ በምን ያውቃል? ጀማሪ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ለላ ሸድሊያ። ስለዚህ ከሁሉም ላይ አወጣሁት። አሁን «ለአራት ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳይቆለል» ይላል፤ ለጾመኛም ለማያውቅም ያገለግላል።

የምለምንዎት ከዒድ በኋላ በረመዳን የተሠሩትን አሥራ ዘጠኝ ምግቦች እንደገና እንዲያሠሩ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ይሁን፣ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ሲጨርስ። ዳኛ ከጠገበ ነው የሚታመነው። መጀመሪያ ያለ ጨው የነበረውን ላብላቢ ይቅመሱት፣ ከዚያ በጨው። አለቃዬን ለምኜ እስከ ኦገስት 10 ጊዜ አግኝቻለሁ። «ምን ሆኖ ዘገየ?» ሲለኝ «ረሀብ ነው» አልኩት።

ለሲ ቲጃኒ እርስዎ ይንገሯቸው ወይስ እኔ ልጻፍላቸው? እንደፈለጉ።

ኤምና


ካፍ፣ ጁላይ 24 ቀን 1983

ለልጄ ለኤምና፣

ዒድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም። አልነገርኩትም። ጠግበው የመጡት ሰዎች ነገሩት።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንኑ ላብላቢ አቀረበ፣ ያለ ጨው፣ በረመዳን እንደሠራው። የዒድ ሰሞን ነው፤ ሁሉም ሆዱን ሞልቷል። ማኑቢያ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሦስት» አለች። «ሦስቱም ለድካሙ ነው።» ላሩሲ ሁለት ሰጠ። ቲጃኒ ፊቱ ተለዋወጠና «ረመዳን ላይ አሥር ብለህኝ አልነበር?» አለው።

«ቲጃኒ ወንድሜ» አለው ያ መላጣ ላሩሲ፣ «ረመዳን ላይ ጫማህን ቀቅለህ ብትሰጠኝም አሥር እልህ ነበር።»

ቲጃኒ ሽርጡን ፈታ፣ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሲመሽ ነው የተመለሰው። በማግስቱ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። «አምስት ደቂቃ» አለ። እኔ አበሰልኩ፣ በላ፣ አመሰገነ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን ያህል እንደረገምኩሽ አላህ ይወቅ፤ አሁን ግን ይቅር በይኝ።

በአራተኛው ቀን ቁም ሳጥኑን ሲያተረማምስ ሰማሁ። አንድ ትልቅ ደብተር ይዞ መጣ። የጣቢያው መዘግየት መዝገብ ነው፤ ገና ያልተጻፈበት፣ ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው።

«ሸድሊያ» አለኝ፣ «ባቡር ሲዘገይ ነጂውን አናስርም። ሰዓቱንና ሰበቡን እንጽፋለን። ሽምብራው ለምን ጠነከረ?»

«እንድናገር ተፈቅዶልኛል?» አልኩት።

«ከተበላ በኋላ ተፈቅዷል።»

የካፍ ውሃ ኖራ አለበት፣ ልጄ። አንቺ ቱኒስ ሆነሽ የጻፍሽው ሽምብራ እዚህ ቢዋል ቢታደር አይለሰልስም። በአንዱ ድስት ቁንጥር የሶዳ ዱቄት ጨምሮ፣ በሌላው ሳይጨምር ዘፈዘፈው። በማግስቱ ሁለቱን በጣቶቹ መካከል ጨፈለቀና እንደ ሕፃን ሳቀ። ስለዚህ «ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ሶዳ ጨምሩ» ብለሽ ጻፊ። ይህ የራሱ ቃል ነው።

ጨው ገብቶበት፣ ሶዳ ገብቶበት፣ ማኑቢያ ሰባት ሰጠች። ከምሳ በኋላ! ቲጃኒ የማኑቢያን ሰባት ከረመዳኑ አሥር አስበልጦ ነው ደብተሩ ላይ ያሰመረበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ከንቱ ነበር። ምስሩ ግን አርሮበታል፤ ሰበቡን እያጣራ ነው።

እስካሁን የተሰጡትን ነጥቦች በተለየ ወረቀት ልኬልሻለሁ፤ የእኔንም ጨምሮ። የቀሩትን እንደተሠሩ እልካለሁ።

ሸድሊያ


ቱኒስ፣ ኦገስት 1 ቀን 1983

ለተከበሩ ለላ ሸድሊያ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሲ ቲጃኒ ደብተር እንዴት ሰነበተ? ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱ አልፈዋል። አምስቱን አውጥቼ በቀላሎች ተክቻለሁ። አለቃዬ የላብላቢውን ወረቀት ቤቱ ወስዶ ራሱ ሠራው። እሱም እንደ ሲ ቲጃኒ ክብሪት የማያገኝ ሰው ነው። ጠዋት ገብቶ «ሽምብራው ለሰለሰ» ብሎኝ ብቻ ወጣ። ከሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ቃሌ እንዳለ ይታተማል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅዎትም አላውቅም። የአራቱን ቀማሾች ነጥብ መደመር ጀምሬ ነበር። እስካሁን የእርስዎን ለብቻ አስቀምጬ የእንግዶቹን ብቻ ነበር የማየው። አሁን በተራ ጻፍኳቸው። ሁሉም አሥር ናቸው።

በረመዳን አሥር፤ እሺ፣ ርቦዎት ነበር። ከዒድ በኋላ፣ ምሳ በልተው፣ ማኑቢያ ሦስት የሰጠችው ጨው የለሽ ላብላቢ ላይም አሥር። ያረረው ምስር ላይ አሥር። ሜይ ላይ፣ ጾምም ሳይኖር፣ ቤት የነደደ እስኪመስል ያረረው ሻክሹካ ላይም አሥር።

ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ወጥ ሲያበስሉ ረዳቶችዎ ጨው ቢያሳንሱ ከሩቅ በጠረኑ ያውቁ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሃያ ሁለት ቀን ጨው ሲጠፋ እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? ለሲ ቲጃኒ አዝነው ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። ግን እውነተኛውን ነጥብዎን እፈልጋለሁ። ከሁሉም ምላስ የማምነው የእርስዎን ነው።

ኤምና


ካፍ፣ ኦገስት 6 ቀን 1983

ለልጄ ለኤምና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ገበያም ይዤው ሄጃለሁ።

አዝኜለት አይደለም። ማኑቢያ ብትሞት አታምነኝም፣ አንቺ ግን ታምኚኛለሽ። ዋሽቼም አይደለም። እያንዳንዱን አሥር ስጽፍ እውነቴን ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ምድጃ ፊት አቆመችኝ፤ ወንድሞቼ ብዙ ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ቲጃኒን አገባሁ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት መጣ። ጠዋት አራት መቶ ልጅ፣ ማታ ቤቴ። ቆሜ ነበር የምበላው፣ ከሰው ኋላ፣ ከጭልፋው ላይ። ስታመም አብስዬ ነበር የምተኛው። የወለድኩ ቀን እንኳ ጠዋት ድስት ጥጄ ነው ወደ ሐኪም ቤት የሄድኩት። ማንም በድሎኝ አይደለም፣ እንዲህ ነው የሚኖረው። አማርሬም አላውቅም።

ያን ቀን ሜይ ላይ ቲጃኒ ያረረውን ሻክሹካ ሳህን ላይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ኤምና ልጄ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰው አብስሎ ፊቴ ሲያቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎረስኩት። ነቀፋውን ፈለግኩት፤ ወላሂ ፈለግኩት! ሥራዬ ነውና ቃል ገብቼልሻለሁ። ማረሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ አፌ ውስጥ ግን አጣሁት። በረመዳንም ጨው መኖር አለመኖሩን ልቤ አልጠየቀኝም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ የለ፣ ምላስም እንደዚያው ነው ለካ። ባለፈው «ለእሱ ብዬ ነው» ብዬ የለመንኩሽ ውሸቴን ነው። መስኮቱ ሥር ሲመለስ ያለቀስኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ለራሴ ነው። ያቺ ሳህን እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው።

እንግዲህ ምላሴ ለዳኝነት አይሆንም፤ በረመዳንም ከረመዳንም ውጭ። እነዚያ ሰዎች የተራቡት አንድ ወር ነው። ስሜን ከቀማሾቹ ዝርዝር ሰርዢው፣ ነጥቤንም እንዳትደምሪው፤ መጽሐፍሽን ያበላሽብሻል። በምትኩ የላሩሲን ሚስት አነጋግሬልሻለሁ። ኮስታራ ናት፣ ጠግባ ትመጣለች፣ ለማንም አታዳላም።

በይ እዚህ ላይ ላቁም። ቲጃኒ ከወጥ ቤት «ቀርቧል!» እያለ እየጠራኝ ነው። ምን እንደሠራ አላውቅም። ሳይበርድ ልሂድ።

ሸድሊያ